ሽንፈት እንዴት ገድል ይሆናል? ስለ «ፎርት አፓቺ» ፊልም

የካውቦይ ፊልም ሳያይ ያደገ የከተማ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ አክተሩ ማን እንደ ሆነ ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ነጭ ነው፣ ፈረስ ይጋልባል፣ ጥይቱ አይስትም፣ አይሞትምም። ቀይ ሕንድ እየተባለ የሚጠራው የአገሩ ባለቤት ግን ስም እንኳ የለውም። ከኮረብታ ጀርባ እየጮኸ ብቅ ይላል፣ ተተኩሶበት ከፈረሱ ይወድቃል፣ በዚያው ይረሳል። እኛም የማን መሬት ላይ ማን እንደ መጣ ሳንጠይቅ ከወራሪው ጎን ቆመን ስናጨበጭብ ኖረናል። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ፊልም ሁሉ የወራሪዎች ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ለአብዛኛውም ፍርዱ ትክክል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው «ፎርት አፓቺ» የተባለው ፊልም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ በኩል ወራሪው ጦር ቃሉን እንዴት እንዳጠፈና በገዛ ጥፋቱ እንዴት እንደ ተደመሰሰ በግልጽ ያሳያል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን የሚያውቀው ደግ መኮንን በመጨረሻው ላይ ውሸቱን ሲያጸድቅ ያሳያል። እንግዲህ የጽሑፋችን ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማብራራት ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ የሚተርከው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከአፓቺዎች እውነተኛ ታሪክ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሦስተኛ፣ እኛን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ለምን ይመለከተናል? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙና ታሪኩ

«ፎርት አፓቺ» በ1948 ለሕዝብ የቀረበ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዲሬክተሩ በካውቦይ ፊልም ሥራ ከሁሉ የላቀ ስም ያተረፈው ጆን ፎርድ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ፍራንክ ኑጀንት ቀደም ሲል የኒው ዮርክ ታይምስ የፊልም ሐያሲ የነበረ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገው ጄምስ ዋርነር ቤላ በ1947 ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት በተባለው መጽሔት ያወጣውን አጭር ልብ ወለድ ነው። ፎርድ ስለ ጠረፍ ፈረሰኛ ጦር በ1949 እና በ1950 ሁለት ሌሎች ፊልሞች ስለ ሠራ ሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድነት ይነሣሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሌተና ኮሎኔል ኦወን ተርስዴይ (ሄንሪ ፎንዳ) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጄኔራል የነበረ መኮንን ነው። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ሠራዊቱ ስለ ተቀነሰ ማዕረጉ ዝቅ ብሎ፣ በአሪዞና በረሃ ውስጥ ወዳለ አንድ ሩቅ ምሽግ አዛዥ ሆኖ ይላካል። ሹመቱን እንደ ግዞት ይቆጥረዋል። የሚመኘው ስሙ በጋዜጣ የሚወጣበትን አንድ ታላቅ ድል ነው። አፓቺዎችን ግን ከሌሎቹ ሕዝቦች አሳንሶ ስለሚያይ፣ እነሱን ማሸነፍ እንኳ ክብር የሚያስገኝ አይመስለውም።

በምሽጉ ውስጥ አገሩንና ሕዝቡን የሚያውቅ ሻምበል ኪርቢ ዮርክ (ጆን ዌይን) የሚባል መኮንን አለ። የአፓቺዎቹ መሪ ኮቺስ ሕዝቡን ይዞ መንግሥት ከከለለላቸው መሬት ወጥቶ ወደ ሜክሲኮ ተሻግሯል። የሄደበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሚቸም የሚባለው የመንግሥት ወኪል ለሕዝቡ የሚታደለውን ቀለብ በሐሰተኛ ሚዛን ይሰርቃል፣ መጥፎ ውስኪና ጠመንጃ ይቸረችራል። ተርስዴይ ራሱ የወኪሉን መጋዘን ፈትሾ ሌብነቱን በዓይኑ አይቷል፤ ሰውየውንም ይንቀዋል። ነገር ግን «የመንግሥት ተወካይ ነው» ብሎ ይጠብቀዋል። ይህ የፊልሙ ዋና ቁም ነገር ነው፤ አዛዡ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ እያወቀ በጥፋተኛው በኩል ይዘምታል።

ዮርክ ከአንድ አስተርጓሚ ሃምሳ አለቃ ጋር ድንበር ተሻግሮ ወደ ኮቺስ ይሄዳል፤ ብትመለስ በሰላም ትነጋገራለህ ብሎም ቃል ይገባለታል። ኮቺስ ቃሉን አምኖ ሕዝቡን ይዞ ይመጣል። ተርስዴይ ግን የሻምበሉን ቃል እንደ ወጥመድ ይጠቀምበታል፤ ኮቺስ የመጣለት ጦሩን ከነሙሉ ትጥቁ አዝምቶ ሊይዘው ነው። በንግግሩ ጊዜ ኮቺስ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ሌባው ወኪል ይነሣልን አለ። ተርስዴይ በስድብ መልሶ ውጊያ ያዛል። ዮርክ፣ ፈረሰኛውን በረድፍ አሰልፎ ጠላት ወደሚጠብቅበት ጠባብ ሸለቆ ማስገባት ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ሲቃወም፣ አዛዡ በፈሪነት ከስሶት ወደ ኋላ፣ ወደ ስንቅ ጋሪዎቹ ይልከዋል።

የሆነውም ዮርክ እንዳለው ነው። ጦሩ ሸለቆው ውስጥ ይከበባል። ተርስዴይ ቆስሎ ከፈረሱ ከወደቀ በኋላ ማምለጥ ሲችል የዮርክን ፈረስና ጎራዴ ተቀብሎ ወደ ተከበቡት ወታደሮቹ ይመለስና አብሯቸው ይሞታል። ኮቺስ ግን ጋሪዎቹ ዘንድ ያሉትን አይነካቸውም። ለዮርክ የማረከውን የጦሩን ትንሽ ሰንደቅ ፊቱ መሬት ላይ ተክሎለት ይሄዳል። ቃሉን የጠበቀው «አረመኔ» የተባለው ወገን መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ ያያል።

የመጨረሻው ትዕይንት ከዓመታት በኋላ የሚፈጸም ነው። ዮርክ አሁን የምሽጉ አዛዥ ሆኗል። ወደ ቢሮው የመጡ ጋዜጠኞች በዋሺንግተን ስላለ ስለ ተርስዴይ ዘመቻ የሚያሳይ ታላቅ ሥዕል ያወራሉ። በሥዕሉ ላይ አፓቺዎቹ የላባ ዘውድ ደፍተው ተሰልፈዋል፣ ተርስዴይም በጀግንነት ወደ ፊት እየመራ ነው። ተመልካቹ ግን ውጊያውን ገና አሁን አይቶ መጨረሱ ነው፤ የላባ ዘውድ አልነበረም፣ ጀግንነት የተባለውም አለቃው ሌሎችን ወደ ሞት የነዳበት ትዕቢት ነበር። ዮርክ ምን ይላል? ሥዕሉ አንዳች ስህተት የለበትም ብሎ ያረጋግጥላቸዋል። ጋዜጠኞቹ ከተርስዴይ ጋር የሞተውን የሌላውን መኮንን ስም እንኳ በትክክል አያስታውሱትም፤ ዮርክ የሚያርማቸው ስሙን ብቻ ነው። ከዚያም ጦሩን ይዞ ጄሮኒሞን ለመውጋት ይወጣል።

በምሽጉ ውስጥ ያለው የመደብ ልዩነት

ፊልሙ ወራሪውን ጦር እንደ አንድ አካል ብቻ አያሳየውም። ተርስዴይ ልጁ ከመቶ አለቃ ኦሩርክ ጋር መፋቀሯን ይቃወማል። ምክንያቱም ወጣቱ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት የተመረቀ መኮንን ቢሆንም፣ አባቱ በዚያው ምሽግ ያለ ሻለቃ ባሻ፣ ከአየርላንድ የመጣ ስደተኛ ስለሆነ ነው። አዛዡ የእነዚህን ሰዎች ስም እንኳ አጥርቶ አይጠራም። ወታደሮቹ ከአየርላንድ በድህነት የተሰደዱ፣ ወይም በእርስ በርስ ጦርነቱ ከተሸነፈው ከደቡቡ ወገን የመጡ ናቸው። መሬት የተነጠቀውን ሕዝብ እንዲወጉ የተላኩት፣ ራሳቸው መሬትና ወገን ያጡ ሰዎች ናቸው። ስሙ በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ግን የአዛዡ ብቻ ነው።

የአፓቺዎች እውነተኛ ታሪክ

በፊልሙ የሚታየው ውጊያ በእውነት አልተደረገም። ኮቺስ ግን የታወቀ የቺሪካዋ አፓቺዎች መሪ ነበር፤ ፎርት አፓቺ የሚባል ምሽግም በ1870 በአሪዞና ተቋቁሞ ነበር። ቀረጻው የተካሄደው ከቺሪካዋ አገር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በሞኑመንት ቫሊ ነው። አፓቺ ሆነው የቀረቡት ብዙዎቹ የዚያ አገር ባለቤቶች ናቫሆዎች ናቸው። እነርሱም በ1864 በአሜሪካ ጦር ተገደው ከአገራቸው በእግር የተነዱና በ1868 የተመለሱ ሕዝብ ናቸው። ኮቺስን ሆኖ የሠራው ደግሞ ሚጌል ኢንክላን የተባለ የሜክሲኮ ተዋናይ ነው።

ውጊያው ፈጠራ ቢሆንም የታጠፈው ቃል ፈጠራ አይደለም። በየካቲት 1861 መቶ አለቃ ጆርጅ ባስኮም ኮቺስን ለንግግር ወደ ድንኳኑ ጠርቶ፣ ያልወሰደውን ልጅ ጠልፈሃል ብሎ ሊይዘው ሞከረ። ኮቺስ ድንኳኑን በጩቤ ቀዶ አመለጠ። አብረውት የመጡት ዘመዶቹ ግን ተያዙ። ኮቺስ በበኩሉ ነጮችን ይዞ ልውውጥ ጠየቀ፤ ስምምነት ሲጠፋ የያዛቸውን ገደለ፣ ጦሩም የኮቺስን ወንድም ጨምሮ የያዛቸውን ወንዶች ሰቀለ። ከዚህ የተነሣው ጦርነት ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

በጥር 1863 ደግሞ የኮቺስ አማች የነበረው ሽማግሌው መሪ ማንጋስ ኮሎራዳስ ለሰላም ንግግር ቀርቦ ተያዘ፤ በዚያው ሌሊትም በዘበኞቹ እጅ ተገደለ። የጦሩ ሪፖርት ሊያመልጥ ሲሞክር ተመታ ይላል። በስፍራው የነበረ አንድ የዓይን ምስክር ግን ዘበኞቹ በእሳት የጋለ ሳንጃ እግሩን እየነኩ እንዳስነሡትና ከዚያ እንደ ተኮሱበት ጽፏል። እንግዲህ ሐሰተኛው ሥዕል ከሐሰተኛው ሪፖርት እንደሚጀምር ከዚህ እንረዳለን።

ሰላም የሚቻል እንደ ነበረም ታሪኩ ይመሰክራል። በ1872 ጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ፣ የኮቺስ ወዳጅ በነበረው በቶም ጄፈርድስ እየተመራ፣ ያለ ጦር ወደ ተራራው ወጥቶ ከኮቺስ ጋር ተስማማ። ቺሪካዋዎች በገዛ አገራቸው መሬት ተከለለላቸው፣ የሚያምኑት ጄፈርድስም ወኪል ሆነላቸው። ኮቺስ ቃሉን ጠብቆ በ1874 በሕመም ሞተ። በ1876 ግን መንግሥት ያንን ክልል ሰርዞ ሕዝቡን ሳን ካርሎስ ወደተባለው በረሃ እንዲዛወር አዘዘ። የጄሮኒሞም ዐመፅ የዚህ ውጤት ነው።

ጄሮኒሞ በመስከረም 1886 እጁን ሲሰጥ ከእርሱ ጋር የነበሩት ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ከ40 አይበልጡም ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን ወደ 5,000 የሚጠጋ ወታደር አሰማርቶባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ከ400 በላይ የሆኑ ቺሪካዋዎች በባቡር ተጭነው ወደ ፍሎሪዳ ተጋዙ። ጄሮኒሞን በማሳደድ ጦሩን በመንገድ መሪነት ያገለገሉት አፓቺዎች እንኳ አልቀረላቸውም፤ እነርሱም አብረው ታሰሩ። ጄሮኒሞ በ1909 በኦክላሆማ እንደ ጦር እስረኛ ሆኖ ሞተ፤ የቀሩትም የተለቀቁት በ1913 እና በ1914 ነው። ሻምበል ዮርክ በፊልሙ መጨረሻ ቀና ብሎ የሚወጣበት ዘመቻ በእውነተኛው ታሪክ የደረሰበት ቦታ ይህ ነው።

ከሽንፈት ወደ ገድል

ተርስዴይን ያየ ሰው ጆርጅ ከስተርን ማስታወሱ አይቀርም። ከስተርም በእርስ በርስ ጦርነቱ የጄኔራልነት ማዕረግ ከደረሰ በኋላ ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በ1868 በተፈረመ ውል ለላኮታዎች የተጠበቀው የብላክ ሂልስ ምድር ወርቅ እንዳለበት በ1874 በእርሱ በተመራው ጉዞ ተረጋገጠና ውሉ ፈረሰ። ሰኔ 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ፣ የጠላት ሰፈር ከባድ ነው ያሉትን መንገድ መሪዎቹን ሳይሰማ ጦሩን ከፋፍሎ ገጠመ። ከእርሱ ጋር የነበሩት ከ200 በላይ ወታደሮች በላኮታና በሻየን ተዋጊዎች እጅ አንድ ሳይቀር አለቁ።

ይህ ሽንፈት ገድል የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። ጋዜጦች ሰማዕት አደረጉት። ባለቤቱ እስከ ሞተችበት እስከ 1933 ድረስ ስሙን ስትከላከል ኖረች። በ1896 ደግሞ አንሃይዘር ቡሽ የተባለው የቢራ ፋብሪካ የመጨረሻውን ውጊያ የሚያሳይ ሥዕል በብዙ ሺህ እያሳተመ በየመጠጥ ቤቱ አሰቀለ። በሥዕሉ ላይ ከስተር ጎራዴ መዝዞ ይታያል፤ ጦሩ ግን ጎራዴዎቹን ከውጊያው በፊት ወደ ኋላ ትቶ ነበር የሄደው። ቢራውን የሚጠጣው ሰው ስለ 1868ቱ ውል የሚነግረው አልነበረም። ገድሉ አዛዡን ብቻ አላዳነም፤ የጦርነቱን ምክንያትም ሰረዘ። ጠቅላላው ጉዳይ ስለ ድፍረትና ስለ ፍርሃት ብቻ ሲሆን፣ ስለ መሬትና ስለ ቃል የሚጠይቅ ይጠፋል።

የሮማው አደባባይ

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢጣሊያ በ1885 ምጽዋን ከያዘች በኋላ፣ በ1884 ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር የተፈራረሙትን ውል ወደ ጎን ትታ ወደ መሃል አገር መግፋት ጀመረች። ራስ አሉላ ከሰሐጢ እንዲወጡ ቢያስጠነቅቁም አልሰሙም። ጥር 26 ቀን 1887 በኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ 500 ያህል ሰው ያለው የኢጣሊያ ጦር ዶጋሊ ላይ ተደመሰሰ።

ሮማ ውስጥ በታላቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ የተሰየመውም ለእነዚሁ ለዶጋሊ ሙታን ነው። ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሚኬሌ ካማራኖ የተባለው ሠዓሊም በመንግሥት ታዞ የዶጋሊን ውጊያ የሚያሳይ ግዙፍ ሥዕል በ1896 ፈጽሟል። እነዚያ ወታደሮች በሰው አገር ምን ይሠሩ እንደ ነበር በባቡር ጣቢያው በኩል የሚያልፈው መንገደኛ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየውም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባላል፤ ወጊው ግን አንዳንዴ ከመርሳትም አልፎ ራሱን ተወጊ አድርጎ ይሥላል።

የሻምበል ዮርክ ውሸት

ዮርክ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የፊልሙ ደግ ሰው እርሱ ነው። ለኮቺስ በሰጠው ቃል የጸና፣ አዛዡን ፊት ለፊት የተቃወመ ሰው ነው። ታዲያ ለምን ዋሸ? ለራሱ ጥቅም አይደለም። የሞቱት ወታደሮች ስም እንዳይጎድፍ፣ ጦሩም እንደ ተቋም እንዲቀጥል ብሎ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለው ጆን ፎርድም በኋላ ከፒተር ቦግዳኖቪች ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ፣ አገር ቀና ብላ የምታያቸው ጀግኖች ቢኖሯት መልካም ነው የሚል አስተያየት ሰጥቷል።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ፊልሙ ውሸትን ይደግፋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እውነቱን አስቀድሞ ስላሳየን ውሸቱን ያጋልጣል ይላሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ፎርድ እንደ ዳኛ ለዮርክ ፈርዶለታል፤ እንደ ምስክር ግን የሰጠው ቃል በዮርክ ላይ ነው። እኛ የምንመዝነው ምስክርነቱን ነው። ምክንያቱም ዮርክ የደበቀው የአንድ ሟች መኮንን ስህተት ብቻ አልነበረም። ቃል የታጠፈ መሆኑን፣ ሌባ ወኪል የተጠበቀ መሆኑን፣ ኮቺስ የጠየቀው ተገቢ እንደ ነበረ አብሮ ደበቀ። እነዚህ ከተደበቁ ዘንድ ከሽንፈቱ የሚማር አይኖርም። ስለዚህም ያው ጦር በያው መንገድ በሌላ የአፓቺ መሪ ላይ እንደገና ይዘምታል፤ የሚመራውም ከሁሉ የተሻለው ሰው ነው። በውሸት የዳነው የጦሩ ክብር ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን በባቡር የተጋዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማኅበር ቃለ ጉባኤ የምንጽፍ፣ ነገ ወደ አገራችን ተመልሰን ሪፖርት፣ ዜናና የታሪክ መጽሐፍ የምንጽፍ እኛው ነን። የዮርክ ፈተና ለማናችንም ቢሆን ሩቅ አይደለም። «ድርጅቱ እንዳይጎዳ»፣ «ጠላት እንዳይደሰት»፣ «የሞቱትን እንዳናሳዝን» እየተባለ በአገራችን የፖለቲካ ታሪክ ስንት የአመራር ጥፋት በመሥዋዕትነት ስም ተሸፍኗል? ለሞቱት የሚገባቸውን ክብር መስጠት አንድ ነገር ነው። በሞታቸው የመሪን ጥፋት መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን መለየት የተማረ ሰው ግዴታ ነው። የወጣቶቹን ጀግንነት ሳንነካ፣ ወደ ሸለቆው ግቡ ያላቸው ማን እንደ ሆነና አይሆንም ብሎ የተቃወመው ሰው ምን እንደ ደረሰበት መጻፍ ይቻላል።

ፊልሙን ለማየት ዕድል የሚያጋጥመው ሁሉ፣ ስለ ውጊያ ገድል በተነገረውም ጊዜ ሁሉ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ እንዲመለከት እናሳስባለን። ጦርነቱ የተነሣው በምን ምክንያት ነው? ቃሉን ያጠፈው የትኛው ወገን ነው? አስቀድሞ ያስጠነቀቀ ሰው ነበረ ወይ፣ ወዴትስ ተላከ? በሥዕሉ ላይ ስማቸው ያልተጻፈው እነማን ናቸው? ሪፖርቱን የጻፈው ማን ነው፣ ለማንስ ጻፈው? መልሱ የማያስደስተን ወገን የራሳችን በሚሆንበት ጊዜም ጥያቄዎቹ ያው መሆን አለባቸው።